ወረቀት አልባው ቢሮና የወይዘሮ ሩቅያ ፍየሎች

ታላላቅ ከተሞች ሁሉ ታላላቅ ቀኖች አሏቸው። የጅቡቲ ከተማም፣ ራሷ እስካሁን ባታውቀውም፣ የኛ ቢሮ ወረቀትን በይፋ ያሰናበተበት ቀን አላት። ቢሮው ከአርሂባ ሰፈር ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ያለ የትራንዚት ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዝናው ስለሚበቃው። ሥራው ከአገር ቤት መጥቶ ባህር ለሚሻገር ዕቃ የወጪ ንግድ ፈቃዱንና የጉምሩክ ወረቀቱን ማስጨረስ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የምናስጨርሰው ምን እንደሆነ በጥናት ላይ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዋለልኝ በዕለቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው፣ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውን ውሃ በትዕግሥት እየተቀበሉ ንግግር አደረጉ።

«ክቡራን ባልደረቦቼ! ከዛሬ ጀምሮ ማመልከቻ በኢንተርኔት ይገባል፤ በኢንተርኔት ይመረመራል፤ በኢንተርኔት ይጸድቃል! ወረቀት የጨለማው ዘመን ቅሪት ነው። ከእንግዲህ በዚህ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ወረቀት ማተም፣ ወረቀት ይዞ መገኘት ፈጽሞ የተከለከለ ነው!»

ይህን ያነበቡት ከአንድ ዳጎስ ያለ ወረቀት ላይ ነው። ክቡራን ባልደረቦቻቸው ደግሞ እኔና ጸሐፊያችን ሰብሪና ነበርን።

ከንግግሩ ቀጥሎ የማህተሙ ሽኝት ሆነ። ክቡ ማህተማችን ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ያገለገለ፣ እጀታው በሰው ላብ የጠቆረ፣ የተከበረ ዕቃ ነው። በጡረታ ተሰናበተ። ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት በመስታወት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከአቶ ዋለልኝ ወንበር በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። የምስጋና ሰርተፊኬትም ተሰጠው። ሰርተፊኬቱ ያለ ማህተም ዋጋ ስለሌለው፣ ማህተሙ ከሳጥኑ ወርዶ በራሱ የምስጋና ወረቀት ላይ አረፈና ተመልሶ ጡረታ ወጣ። ሰብሪና እንባዋን ጠረገች። ስጠይቃት የአየር ማቀዝቀዣው ነው አለችኝ።

አንዲት ትንሽ ጉዳይ ብቻ በእንጥልጥል ቀረች። በኋላው ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ የተከመረ የድሮ ፋይል ነበር። ፋይል ለማስወገድ በደንቡ መሠረት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መጻፍ ደግሞ ተከልክሏል። አቶ ዋለልኝ ጉዳዩን በጥልቀት መርምረው በሩን ቆለፉት።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩና ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ የምቀመጥ በመሆኔ «የዲጂታል ሽግግር አስተባባሪ» ተብዬ ተሾምኩ። በመስኮቱ ከአምቡሊ የሚነሱትን አውሮፕላኖች እያየሁ ውስጣቸው ማን ተቀምጦ ወዴት እንደሚሄድ ስገምት፣ አቶ ዋለልኝ ለእንግዳ በሹክሹክታ «አትረብሹት፣ ከሲስተሙ ጋር እየተገናኘ ነው» ይሉ ነበር። ሲስተሙን የገጠመልን ፍራኦል የሚባል ፈጣን ወጣት ነው። ከአዲስ አበባ መጣ፣ ገጠመ፣ ሙቀቱን አየ፣ ተመለሰ። ሲስተሙ አልከፈትም ሲለን ደወልንለት።

«ችግራችሁን በሲስተሙ ውስጥ ገብታችሁ አመልክቱ» አለን።

«እሱ እኮ ነው አልከፈትም ያለው!»

«እሱንም እዚያው አመልክቱ።»

በዚህ ዓይነት ቅልጥፍና ነበር የምንሠራው፣ ወይዘሮ ሩቅያ ስትመጣ።

ወይዘሮ ሩቅያ የድሬዳዋ ሰው ናት፤ የፍየል ነጋዴ። ድምፅዋ ከጎማ ቤቱ መዶሻ በላይ ይሰማል። ያላትን ሁሉ ፍየል ላይ አውላ፣ ፍየሎቹን ከድሬ ጅቡቲ አውርዳ፣ ከወደቡ አጠገብ በረት ውስጥ አስገብታቸዋለች። ጂዳ ላይ ታናሽ እህቷ ኑሪያ ገዢ ይዛ ትጠብቃለች። መርከቡ ከአረፋ በፊት የሚሄድ የመጨረሻው መርከብ ነው።

«አቦ ዮሳዲቅ! ወረቀቴ አለቀ?» አለችኝ ገና ደረጃውን ሳትጨርስ።

«ወይዘሮ ሩቅያ፣ ወረቀት ቀርቷል።»

«ምን ቀረው?»

«ምንም አልቀረውም። ራሱ ነው የቀረው።»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ሰብሪና ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠቻት። ሽግግሩን በዝርዝር አስረዳኋት። ጠጥታ ጨረሰችና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«አየህ የኔ ልጅ፣ እኔ ሽግግር አልጠላም። ጥያቄዬ አንዲት ናት። ፍየሎቼ ለአረፋ ጂዳ ይደርሳሉ አይደርሱም? ካለፈ ማንም አይፈልጋቸውም። በረት ውስጥ ቁጭ ብለው እነሱ ይበላሉ፣ እኔ እበላለሁ።»

አቶ ዋለልኝ ከክፍላቸው ብቅ አሉ። «ወይዘሮ ሩቅያ፣ እድለኛ ነዎት! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኢንተርኔት የሚጓዙ የመጀመሪያዎቹ ፍየሎች የርስዎ ይሆናሉ።»

«አቶ ዋለልኝ፣ በመርከብ ቢጓዙ አይሻልም?»

ማመልከቻውን መሙላት ጀመርን። ሲስተሙ የዕቃውን ዓይነት ከዝርዝር ምረጡ አለ። ቡና አለ፤ ሰሊጥ አለ፤ አበባ፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳ አለ። ፍየል የለም። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለግን። በዚህ ጊዜ ነው የአቶ ዋለልኝ የአመራር ብስለት የታየው።

«ቆዳ በል» አሉኝ።

«ፍየሎቹ በሕይወት ናቸው እኮ።»

«ታዲያ ቆዳ የላቸውም? ቆዳ በልና ማብራሪያው ላይ ‹ከነሙሉ ይዘቱ› ብለህ ጨምርበት።»

እንዲህ ተብሎ ገባ። የወይዘሮ ሩቅያ ስልክ ቁጥር ተመዘገበ፤ መልእክት ሁሉ በሱ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ ክብ መዞር ጀመረ፤ ከሥሩ «በሂደት ላይ» ይላል። አቶ ዋለልኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ክቡን እያዩ ቆዩ።

«ተመልከቱት ሲሠራ!» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ። «ድሮ ወረቀቱን መስኮት ላይ ትሰጣለህ፣ ይሥሩበት አይሥሩበት አታውቅም። አሁን ግን ይኸው፣ ሲዞር በዓይንህ ታያለህ!»

ለብዙ ቀናት ዞረ። ወይዘሮ ሩቅያ ጠዋት ጠዋት ለፍየሎቿ ሳር ሰጥታ ትመጣና ክቡን አይታ ትሄዳለች። በቢሮው ውስጥ «ሲስተም የለም» የሚለው አባባል ተከልክሎ ስለነበር፣ በምትኩ «ሲስተሙ እያሰበ ነው» እንላት ነበር።

«እሱ ሲያስብ የኔ ሳር አለቀ» ትላለች።

መርከቡ በሚነሳበት ዕለት ረፋድ ላይ ስልኳ ጢን አለ። «የበር መግቢያ ፈቃድ ተሰጥቷል። የመጫኛ ፈቃድ በሂደት ላይ።» ወይዘሮ ሩቅያ እልል አለች፤ ጎማ ቤቱ ሥራ አቆመ። ፍየሎቹ በሹፌሩ በጀንበሬ መኪና ተጫኑ። አቶ ዋለልኝም ታሪካዊውን ቅጽበት በአካል ለመታዘብ ታብሌታቸውን በብብታቸው ይዘው ከኛ ጋር ወጡ።

በከብት መጫኛው በር ላይ ሙስዬ ሮብሌ ተቀምጧል። ሙስዬ ሮብሌ የአገሩ ሰው ነው፤ አማርኛን የተማረው ከኛ ሹፌሮች ስለሆነ፣ የሚያውቀው አማርኛ ግማሹ ስድብ ነው። ደግነቱ ስድቡን ሰላምታ ይመስለዋል። ወይዘሮ ሩቅያ ስልኳን አሳየችው። ከላይ አየው፣ ገልብጦ ከጀርባው አየው።

«ታምፖን የታለ?» አለ። ማህተም ማለቱ ነው።

«ማህተም ቀርቷል» አሉ አቶ ዋለልኝ ፈገግ ብለው።

«እዚህ አልቀረም።»

«ሙስዬ ሮብሌ፣ ይህ እኮ ኤሌክትሮኒክ ነው! ዘመናዊ! እይ፣ አረንጓዴ!»

«አረንጓዴ አየሁ። ታምፖን አላየሁም። ታምፖን ካለ ፍየል ይገባል። ከሌለ ፍየል ይቆማል። ወረቀት ላይ ይሁን፣ ጣውላ ላይ ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ «ጋሼ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ አሳትመን...» አልኩ። አቶ ዋለልኝ እናታቸውን እንደሰደብኩ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«ወረቀት? አንተ? አስተባባሪው?»

ፍየሎቹ ከመኪናው ላይ ይጮሃሉ። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል። ወይዘሮ ሩቅያ አንዴ መርከቡን አንዴ እኛን ታያለች። አቶ ዋለልኝ ለረጅም ጊዜ አሰቡና ፊታቸው በራ።

«ጣውላ ላይም ቢሆን ነው ያልከው?»

«ዳኮር» አለ ሙስዬ ሮብሌ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ሰብሪና ተደወለላት። ማህተሙ ከመስታወት ሳጥኑ ወጥቶ፣ ለአገር ጥሪ እንደተመለሰ ጡረተኛ ጄኔራል በሰብሪና ታጅቦ በታክሲ መጣ። አቶ ዋለልኝ የወይዘሮ ሩቅያን ስልክ በግራ መዳፋቸው አስተካክለው ያዙ፤ ማህተሙን እፍ አሉበት፤ በስልኩ መስታወት ላይ ጧ! አደረጉት። ቀለሙ መጀመሪያ ሸርተት አለ። ደገሙት። ክቡ ሰማያዊ ማህተም ከነኮከቡ ተቀመጠ። ከሥሩም ፈረሙበት።

ሙስዬ ሮብሌ አጎንብሶ አየ። በጣቱ ጫፍ ነካ። ጣቱ ሰማያዊ ሆነ። ረካ።

«ኦሪጅናል ነው?»

«ኦሪጅናል ነው!» አሉ አቶ ዋለልኝ በኩራት።

«እንግዲያው ኦሪጅናል እዚህ ይቀራል።» ይህን ብሎ ስልኩን በቦክስ ፋይል ውስጥ አስገባ፤ ቦክስ ፋይሉን በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባ፤ ቁም ሳጥኑን ቆለፈ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ስልኬ ነው እኮ!» አለች ወይዘሮ ሩቅያ።

«ኮፒውን ይዘሽ ሂጂ።»

«የስልኬን ኮፒ?»

«ዳኮር» አለና በሩን ከፈተ።

መኪናው ገባ። ከመርከቡ መወጣጫ ሥር ቆመ። ከእንግዲህ የቀረው የመጫኛ ፈቃዱ ብቻ ነው። አቶ ዋለልኝ ታብሌታቸውን ከፈቱ። ክቡ መዞር አቁሟል! በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «የመጫኛ ፈቃዱን ለመውሰድ ወደ ስልክዎ የተላከውን ኮድ ያስገቡ።»

ሁላችንም ተያየን። ሁላችንም ወደ በሩ ሮጥን።

ሙስዬ ሮብሌ የለም። ሰባት ሰዓት ሆኗል። እዚህ ላይ ስለዚች ከተማ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ጫት በየቀኑ ከኛ አገር ድንበር ተሻግሮ ይመጣል። ያለ አስተባባሪ፣ ያለ ኮድ፣ የሚዞር ክብ ሳይኖረው ይመጣል፤ አይዘገይም። እሱ ሲገባ ከተማው በሙሉ የጁን ጥሎ ይቀበለዋል፤ ሙስዬ ሮብሌም ከነቁልፉ ወደ ሰፈሩ ወደ ካርቲየ 4 ይሄዳል። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ወደፊት ወደ ሲስተሙ ሲገባ እንደሌሎቹ ሥርዓት ይይዛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አቶ ዋለልኝ ታብሌታቸው ላይ «ኮድ እንደገና ላክ» የሚለውን ተጫኑ።

ከብረት ቁም ሳጥኑ ውስጥ «ጢን» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ሰማችሁ?» አሉ ዓይናቸው በደስታ ተሞልቶ። «ሲስተሙ ይሠራል!»

ደግመው ተጫኑ። ጢን። ወሬው ተሰማና ሰው ተሰበሰበ። የሚዛኑ ሠራተኛ መጣ፤ ዘበኞቹ መጡ፤ መወጣጫው ሥር ፈቃድ እያየ ጭነት የሚያስቆመው ሰውዬም ጭምር መጣ። አንዱ ጆሮውን በቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፈ። ሌላው «በድምፁ ቁጥሩን መለየት ይቻላል» አለ። ሰብሪና የፀጉር ማስያዣዋን አውጥታ የቁልፉን ቀዳዳ ትጎረጉራለች።

«ቀስ በይ፣ ኦሪጅናል እንዳታበላሺ!» ይሏታል አቶ ዋለልኝ።

«ጋሼ፣ ወይ እኔን ይምከሩ ወይ ሲስተሙን» ትላለች።

ወይዘሮ ሩቅያ መሬት ላይ ተቀምጣ ሻሿን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘች «አንድ ዓመት የለፋሁበት! ሳጥን ውስጥ ጢን ጢን ይላል!» ትላለች።

የመርከቡ ጥሩምባ ተነፋ። ዞረን ሮጥን። መወጣጫው ተነስቷል። የጀንበሬ መኪና በሩ ተበርግዶ ባዶውን ቆሟል። ጀንበሬ ከጎማው ጥላ ሥር ጋደም ብሏል።

«ፍየሎቼስ?» ብላ ጮኸች።

«ገቡ።»

«ማን አስገባቸው?»

«ማን ያስገባቸዋል እማማ? ሙቀቱ ሲጠናባቸው ትንሽ ነፋስ ያግኙ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ያ ‹ሊቀመንበር› የምትይው ቀንዳሙ መወጣጫውን አየና ሽቅብ ወጣ። ሌሎቹ ተከተሉት። እላይ ያለው መርከበኛ እየቆጠረ አስገባቸው።»

አቶ ዋለልኝ ታብሌታቸውን ጨበጡ። «ኮድ አልጠየቃቸውም?»

«ጠይቋቸው ይሆናል ጋሼ፤ እነሱ ግን ምንም አልመለሱም።»

ወይዘሮ ሩቅያ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ጀንበሬን ከተኛበት አንስታ ሳመችው። መርከቡ እየራቀ ሄደ። በጎኑ በኩል የሊቀመንበሩ ቀንድ የታየኝ መሰለኝ። ይህን ባህር ያለ ወረቀት የሚሻገሩ ብዙ የአገሬን ልጆች አይቻለሁ፤ ተቆጥረው፣ ሳር ተነጥፎላቸው በክብር የገቡ ግን እነዚያ ፍየሎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

«እንኳን ደስ አለዎ» አልኩ ለአቶ ዋለልኝ። «ሄዱልን።»

«አልሄዱም» አሉኝ ታብሌቱን እያሳዩ። ክቡ እንደገና መዞር ጀምሯል። «በሂደት ላይ ናቸው።»

«መርከቡ ይኸው እየሄደ እኮ ነው፣ አቶ ዋለልኝ!» አለች ወይዘሮ ሩቅያ።

«እሱ የርስዎ አስተያየት ነው።»

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ሙስዬ ሮብሌ ቢሮ ድረስ መጣ።

«ወርያ ዮሳዲቅ! ሳጥኑ ጮኸ፤ ከፍቼ አነሳሁት። ኑሪያ ነች። ፍየሎቹ ጂዳ ገቡ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ብላለች። ደግሞ፣ ሩቅያ ለምን ስልክ አታነሳም፣ አንተስ ማነህ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እኔ ፋይል ክፍል ነኝ አልኳት።»

አቶ ዋለልኝ በበራቸው ሆነው ይህን ሰምተው ታብሌታቸውን ተመለከቱ። «ያልተረጋገጠ ወሬ ነው» አሉና ተመልሰው ገቡ።

አረፋ መጣ፤ አረፋ ሄደ። ፍየሎቹ ተሸጡ፤ ታረዱ፤ ተበሉ። ኑሪያ ገንዘቡን ልካ ወይዘሮ ሩቅያ ሌላ መንጋ ገዝታ ከድሬ አውርዳ ነበር። ክቡ ግን መዞሩን ቀጥሏል። እኔም ከአውሮፕላኖቹ እኩል እሱን ማየት ለምጄ ነበር፤ ከቆየህበት ያረጋጋል።

ታዲያ አንድ ቀን ክቡ ቆመ። «እንኳን ደስ አለዎ! የመጫኛ ፈቃድዎ ጸድቋል። ለመጨረሻ ማረጋገጫ ዕቃዎቹን በአካል ይዘው ይቅረቡ።» በዚያው ሳምንት ከወደ አዲስ አበባ በወይዘሮ ተናኘወርቅ የሚመራ የልዑካን ቡድን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኢንተርኔት ያለቀውን የመጀመሪያ ጭነት ለመጎብኘትና ቢሮአችንን «አርአያ» ብሎ ለመሸለም እንደሚመጣ ተነገረን።

«ፍየሎቹ የት ናቸው?» አሉ አቶ ዋለልኝ።

«ተበልተዋል» አለች ሰብሪና።

«ስንቶቹ?»

«ጋሼ፣ አረፋ እኮ ነበር።»

አቶ ዋለልኝ ተቀመጡ። ከረባታቸውን አላሉ። ቀና ብለው ከራሳቸው በላይ ያለውን የመስታወት ሳጥን አዩ፤ እዚያ ምክር ሲያጡ ወይዘሮ ሩቅያን ጥሩልኝ አሉ።

መጣች። ጉዳዩን ሰምታ ረጅም ጊዜ ሳቀች።

«አቦ፣ እነዚያን ከሰው ሆድ ማስመለስ አልችልም። ሌሎች ፍየሎች ግን አሉኝ።»

«ይሸጡልን፤ ሲስተሙ ውሸታም ሊሆን አይገባም!»

«እሸጣለሁ። በአረፋ ዋጋ ነው።»

«አረፋ አልፏል እኮ ወይዘሮ ሩቅያ!»

«በሲስተሙ ገና በሂደት ላይ ነው» አለች። «ደግሞ ስልኬ ካልተመለሰ አንዲት ጠቦት አልሰጥም። እህቴ ከፋይል ክፍል ጋር ወዳጅነት ጀምራለች።»

ሙስዬ ሮብሌ ተጠራ። አሳቡን ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ኦሪጅናል ከፋይል አይወጣም። በሌላ ኦሪጅናል ከተተካ ብቻ።» አቶ ዋለልኝ ሌላ ምርጫ ሲያጡ የራሳቸውን አዲስ ስልክ አውጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማህተሙን ጧ! አደረጉበት። ወይዘሮ ሩቅያ ስልኳን ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ማህተሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ እስከ ዛሬ ኑሪያ በቪዲዮ ስትደውል ፊቷ ላይ ኮከብ አለ።

የልዑካኑ ቡድን በሚመጣበት ጠዋት ፍየሎቹ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ለእንግዶች እስኪታዩ የሚቆዩበት አዳራሽ ስለሌለን፣ አቶ ዋለልኝ ያለውን ብቸኛ ትርፍ ክፍል ከፈቱላቸው፤ የኋላውን። ተዘጋባቸው። ልዑካኑ በረፋድ ይመጣሉ ተባለ፤ ረፋድ አለፈ። ሙቀት ነበር፤ ከዚያ ምሳ፤ ከዚያ ከተማው የሚተኛበት ሰዓት። አመሻሽ ላይ ደረሱ። አቶ ዋለልኝ ንግግራቸውን በታብሌት አነበቡ፤ ወደ ኋላው ክፍል መሩና በሩን በሰፊው ከፈቱት።

ከወለል እስከ ጣሪያ የተከመረው ፋይል የለም። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ የማመልከቻ ኮፒ የለም። የተረፈው የቦክስ ፋይል ብረትና ክር ነው። በባዶው ክፍል መሐል ፍየሎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ በሰላም እያመነዠኩ ተኝተዋል።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አደረጉ። «ብዙ ቢሮ ጎብኝቻለሁ። ወረቀት አልባ ነን ይላሉ፣ ጓዳቸው ሲከፈት ጉድ ነው። እንዲህ ያለ ንጽሕና ግን አላየሁም!» ጭብጨባው ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። አቶ ዋለልኝም ትንሽ ከደነገጡ በኋላ አጨበጨቡ።

ከዚያ ሽልማቱ ወጣ። የወረቀት አልባነት ሰርተፊኬት ነው፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ የወርቅ ቀለም ጠርዝ ያለው ወረቀት፤ ከታች ክብ ማህተም። አቶ ዋለልኝ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለፎቶ ዝቅ ሲሉ፣ ከኋላቸው አንድ ነጭ ፂማም ፍየል ተነስቶ ከጣታቸው መሐል በጨዋ ደንብ ወሰደው።

«ያዙት! ሰርተፊኬቱን!» ብለው ጮኹ።

«ተዉት አቶ ዋለልኝ» አለች ወይዘሮ ሩቅያ። «መመሪያዎን ከዚህ ሁሉ ሰው ያከበረልዎ እሱ ብቻ ነው።»

ፍየሉ የአቶ ዋለልኝን ስም በላ። «አርአያ» የሚለውን በላ። የወርቁን ጠርዝ በላ። ማህተሙ ላይ ሲደርስ ግን አሽትቶ ቆመ፤ ቀለሙ መረረው መሰለኝ፣ ያቺን ክብ ቁራጭ እንትፍ አደረጋት።

እሷን አንስተን አደረቅናት። ዛሬ ቢሮአችን የሚመጣ ሰው ከአቶ ዋለልኝ ወንበር በላይ፣ በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ ተነጥፋ ያገኛታል። በቢሮው ውስጥ ያለች ብቸኛ ወረቀት ናት። የድሮው ማህተም ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ሥራ ተመልሷል፤ ስክሪን በዝቶበታል።